ማሳደጊያው ባሕር ተሻገረ

“እጓለ ማውታ” የሚለው የግእዝ ቃል ሲፈታ “የሙት ልጅ” ማለት ነው። አማርኛችንም ከዚህ አልራቀም። ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ መርዶ ይናገራል፤ ወላጅ ሞቷል ይላል። ሰሚውም ከዚያ በኋላ ብዙ አይጠይቅም። የሙት ልጅን ማብላት፣ ማልበስና ማስጠለል ጽድቅ ነው እንጂ ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ አይደለምና።

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሄይቲ ግን ይህ ቃል ከትርጉሙ ተለያይቷል። በዚያች አገር ከ2010ሩ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በነበሩት ዓመታት 750 ያህል የሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ በውስጣቸውም 30,000 ያህል ልጆች እንደነበሩ ተገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ልጆች መካከል ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። እናት በቁሟ እያለች ልጇ የሙት ልጅ የተባለው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በሄይቲ ድህነት ውስጥ ብቻ አይደለም። ለማሳደጊያዎቹ ገንዘብ በሚልኩት፣ በየበጋውም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በሚጎበኟቸው ምዕራባውያን ምእመናን ታሪክ ውስጥም ይገኛል።

ከብሪስቶል እስከ ዋይት ሀውስ

ወላጅ ያጡ ልጆችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ማሳደግ በክርስትናው ዓለም የቆየ ሥራ ነው። በዘመናዊ መልኩ ስሙን የገነነ ያደረገው ግን ጆርጅ ሙለር ነው። ሙለር በ1805 በፕራሻ ተወልዶ፣ በ1829 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ በ1836 በብሪስቶል ከተማ በተከራየው ቤት ሠላሳ ሴቶች ልጆችን መቀበል ጀመረ። ከዚያም አሽሊ ዳውን በተባለው ኮረብታ ላይ አምስት ታላላቅ ቤቶችን አሠራ። በ1870 ቤቶቹ ተሠርተው ሲያበቁ 2,000 ያህል ልጆችን የመያዝ ዐቅም ነበራቸው። በ1898 እስኪሞት ድረስ በእጁ ያለፉት ልጆች 10,000 ያህል ናቸው። ከሰው ገንዘብ አልለምንም፣ ለእግዚአብሔር ብቻ እነግራለሁ ማለቱ በፕሮቴስታንቱ ዓለም እንደ ተአምር ሲወራለት ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ ዝና ጀርባ ብዙም የማይነሣ አንድ ደንብ ነበር። ሙለር በቤቱ የሚቀበለው አባቱም እናቱም የሞቱበትን ልጅ ብቻ ነው። እናቱ ያለችለትን ልጅ፣ ምንም ያህል ድሃ ብትሆን፣ አይቀበልም። ደንቡ ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ቃሉንና ትርጉሙን አንድ ላይ አጥብቆ ይዞ ነበር።

ሌሎች ይህን ጥንቃቄ አልያዙም። በአሜሪካ ከ1854 እስከ 1929 ድረስ ከኒው ዮርክና ከሌሎች የምሥራቅ ከተሞች 200,000 ያህል ልጆች በባቡር እየተጫኑ ወደ ምዕራቡ ገጠር ተልከው ለገበሬ ቤተ ሰቦች ታድለዋል። ባቡሮቹ “የሙት ልጆች ባቡር” ይባሉ እንጂ፣ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት የነበሩ የድሃ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። የላኳቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ልጆቹን ከከተማው ጉስቁልና አውጥተን ለንጹሕ አየርና ለክርስቲያን ቤት አበቃናቸው ብለው ያምኑ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አሜሪካውያን ራሳቸው ይህን መንገድ መመርመር ጀመሩ። በጥር 1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 200 ያህል ባለሙያዎችንና የበጎ አድራጎት ሰዎችን በዋይት ሀውስ ሰበሰቡ። ጉባኤው የደረሰበት ውሳኔ ግልጽ ነበር። ልጅ በድህነት ምክንያት ብቻ ከእናቱ ቤት መውጣት የለበትም፤ መረዳት ያለባት እናቲቱ ናት፤ እውነተኛ የሙት ልጅም ቢሆን ከተቻለ በቤተ ሰብ ውስጥ ይደግ የሚል ነው። ኢሊኖይ በ1911 ልጆቻቸውን ለብቻቸው ለሚያሳድጉ ድሃ እናቶች ድጎማ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ሌሎች ክፍላተ ግዛትም ተከተሏት። በ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ድጎማው አገር አቀፍ ሆነ። በ1951 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ከእንጀራና ከልብስ ባልተናነሰ ሁኔታ አንድ የማይለዋወጥ አሳዳጊ እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ታላላቆቹ ማሳደጊያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሙለር አሽሊ ዳውንም በ1950ዎቹ መጨረሻ ተሸጠ፤ ልጆቹም ወደ ትንንሽ ቤቶች ተዛወሩ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን በምዕራቡ ዓለም የተዘጋው ማሳደጊያ በምዕራባውያኑ ገንዘብ ባሕር ማዶ ተከፈተ።

የዐሥር ቀን ሚሲዮን

በድሮው ዘመን ሚሲዮናዊ ማለት ሄዶ የሚኖር ሰው ነበር። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ ሲወርዱ የመመለሻ ቀን ቆርጠው አልነበረም፤ ከመካከላቸው በበሽታ በዚያው የቀሩ አሉ። ሚሲዮናዊው ቋንቋ ይማራል፣ ሰው ይለምዳል፣ ከአገሬው ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ስሕተቱም ልማቱም ከእርሱ ጋር ስለሚኖር ውጤቱን በዐይኑ ያያል።

ይህን የለወጠው ከሁሉ በላይ የጄት አውሮፕላን ነው። በ1957 ጆርጅ ቨርወር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዕረፍት ጊዜው ወደ ሜክሲኮ ወርዶ መጻሕፍት አደለ፤ ከዚህም “ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን” የተባለው ድርጅት በቀለ። በ1960 ሎረን ከኒንግሃም ወጣቶችን ለአጭር ጊዜ ወደ ውጭ አገር የሚልከውን “ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን” የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የአውሮፕላን ጉዞ እየረከሰ ሲሄድ ከዓመታት ወደ ወራት፣ ከወራትም ወደ ዐሥር ቀን ተወረደ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ሮበርት ውትኖው በ2000ዎቹ ባደረገው ጥናት በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ምእመናን ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንደሚጓዙ ገምቷል።

የጉዞው ሥርዐት በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ወጣቶቹ ኬክ ሸጠው፣ መኪና አጥበው፣ ለዘመድ ወዳጅ ደብዳቤ ጽፈው የመሳፈሪያ ገንዘብ ያሰባስባሉ። አንድ ዐይነት ካናቴራ ለብሰው ይሳፈራሉ። እንደ ደረሱም ጠዋት ግድግዳ ይቀባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለልጆች መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያስተምራሉ፤ ኳስ ያጫውታሉ፤ ሕፃን አቅፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ይላቀሳል። በሳምንቱ ሌላ ካናቴራ የለበሰ ቡድን ይመጣል። አንዱን ግድግዳ በአንድ በጋ አምስትና ስድስት ጊዜ የሚቀቡ ቡድኖች እንዳሉ ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው እየሣቁ ያወሩታል።

ወጪውስ? ከርት ቨር ቢክ የተባለ በሆንዱራስ የኖረ ተመራማሪ፣ በ1998 ሚች የተባለው ዐውሎ ነፋስ ቤታቸውን ያፈረሰባቸውን የሆንዱራስ ሰዎች አጥንቶ ነበር። እርሱ እንዳሰላው በእንግዶቹ ቡድኖች የተሠራ አንድ ቤት፣ የአውሮፕላን ዋጋው ሲታከልበት፣ ወደ 30,000 ዶላር ይፈጃል። ያንኑ ቤት የአገሩ ክርስቲያን ድርጅት በ2,000 ዶላር ያህል ይሠራዋል። ተጓዦቹ ከተመለሱ በኋላ ሕይወታችን ተለወጠ፣ መስጠትም ጀመርን ቢሉም፣ የመዋጮ መዝገባቸው ሲታይ ለውጡ እጅግ ትንሽ ነበር።

ቤት ሠርቶ መሄድ ከገንዘብ ብክነት አያልፍ ይሆናል። ጎጆ የመጣውን አልወድ፣ የሄደውን አላለቅስ። ልጅ ግን ጎጆ አይደለም።

የቡካሬስት ምስክርነት

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየችው ሩማኒያ ናት። በታኅሣሥ 1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ሲወድቅ በአገሪቱ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ከ100,000 በላይ ልጆች ተገኙ። በቴሌቪዥን የታየው ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። ከምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናትም ምእመናን ልብስና መጫወቻ ይዘው ጎረፉ።

በ2000 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ቡድን በቡካሬስት የሚገኙ 136 ሕፃናትን ማጥናት ጀመረ። እኩሌቶቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተ ሰቦች ተሰጡ፤ እኩሌቶቹ ባሉበት ቀሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ ሰብ ያገኙት ልጆች በአእምሮ ዕድገታቸው በማሳደጊያ ከቀሩት በግልጽ ልቀው ተገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ብዙ አትርፈዋል። በማሳደጊያ ባደጉት ልጆች ላይ ከታዩት ምልክቶች አንዱ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሮጦ መጠምጠም ነው። ልጁ ማንንም አይፈራም፣ ማንንም አይመርጥም። ወላጁን ዐውቆ ያደገ ሕፃን እንግዳ ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይሸሸጋል፤ ይህ ግን የሚሸሸግበት ቀሚስ የለውም።

የዐሥር ቀን እንግዳ ይህን ሲያይ “ልጆቹ እንዴት ፍቅር ናቸው!” ይላል። ፍቅር ብሎ የጠራው ሐኪሞቹ እንደ ጉዳት የመዘገቡትን ነገር ሊሆን ይችላል። እርሱም አቅፎ፣ አስለምዶ፣ በዐሥረኛው ቀን ሲሄድ፣ ከእርሱ በፊት ከሄዱት ላይ አንድ መለየት ጨምሮበት ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ፍለጋ

ወደ ሄይቲ እንመለስ። የሄይቲ ድሃ ወላጅ ልጁን ለማሳደጊያ የሚሰጠው ስለ ጠላው አይደለም። በአገሪቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ሰማንያ የማያንሱት ክፍያ የሚጠይቁ የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ገበሬው ልጁን ከተማ ለሚኖር፣ ይሻላል ለሚለው ሰው መስጠትን ቀድሞም ያውቀዋል። እዚያ “ሬስታቬክ” ይሉታል፤ “ከ... ጋር መኖር” ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ የመጣ ቃል ነው። ተስፋው ልጁ እያገለገለ ይማራል የሚል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ማገልገሉ ይቀጥላል፣ መማሩ ይቀራል። ልጁን ለመማር ብሎ ዘመድ ቤት መላክን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ማሳደጊያው ለዚህ ወላጅ ምግብ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ ይታየዋል። ልጁን ሲሰጥ እየጠየቀው፣ ትምህርቱን ሲጨርስም እየተቀበለው ነው የሚያስበው። ለባሕር ማዶው ሰጪ ግን ልጁ በደብዳቤና በፎቶግራፍ የሚቀርበው የሙት ልጅ ተብሎ ነው። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ልጅ በሁለት ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ በመካከላቸው ያለው አስተርጓሚ ደግሞ የማሳደጊያው ባለቤት ነው። እንግዳ የሚመጣው፣ ገንዘብም የሚላከው ልጅ ስላለ ነው። አልጋ ባዶ ከሆነ ግን እንግዳውም ገንዘቡም ይቀራል። ስለዚህ አልጋው መሙላት አለበት። ሉሞስ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት ለሄይቲ ማሳደጊያዎች ከውጭ የሚገባው ገንዘብ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ጥቂቱ ለእናቶች ቢደርስ ኖሮ ስንቱ ልጅ ከቤቱ ባልወጣ!

የሄይቲ ነገር ብቻውን የቆመም አይደለም። በካምቦዲያ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት አምስት ዓመታት የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 ከመቶ ሲያድግ፣ አገሪቱ ጦርነት ላይ አልነበረችም። ያደገው የጎብኚውና የረጂው ቁጥር ነው። እዚያም ከአራት ልጆች ሦስቱ ያህል ወላጅ ነበራቸው።

ሠላሳ ሦስቱ ልጆች

ጥር 12 ቀን 2010 ርዕሰ ከተማዋን ፖርት ኦ ፕሪንስን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። የሞተው ሰው በመቶ ሺሕ ይቆጠራል። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጥር 29፣ ከአይዳሆ ክፍለ ግዛት ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት በብዛት የተውጣጡ ዐሥር አሜሪካውያን 33 ልጆችን በአውቶቡስ አሳፍረው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ከልጆቹ ትንሹ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ሕፃን ነበር፤ ትልቁ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የጉዞ ፈቃድ አልነበራቸውም። ዓላማቸው ልጆቹን በተከራዩት ሆቴል አስቀምጠው በኋላ ማሳደጊያ መሥራት ነበር።

ልጆቹ ወደ ሌላ ማረፊያ ተወስደው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ወላጅ እንዳላቸው ታወቀ። ብዙዎቹ የመጡት ከከተማው በላይ ካለች ካሌባ ከምትባል የተራራ መንደር ነው። ወላጆቹ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገሩ፤ ልጆቹን በፈቃዳችን ሰጠን፣ ይማራሉ፣ መዋኛና ኳስ ሜዳ አለ፣ መጥታችሁ ትጠይቋቸዋላችሁ ተባልን አሉ። ከዐሥሩ ስምንቱ በየካቲት፣ አንዷ በመጋቢት ተለቀቁ። የቡድኑ መሪ ሎራ ሲልስቢ በግንቦት ሕገ ወጥ ጉዞ በማዘጋጀት ጥፋተኛ ተብላ፣ የታሰረችበት ሦስት ወር ያህል እንደ ቅጣት ተቆጥሮላት አገሯ ገባች። ልጆቹም ወደየቤተ ሰባቸው ተመለሱ።

ብዙ ሰው ያን ጊዜ የተከራከረው እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸው ወይስ ቅኖች በሚለው ነው። ለእኔ ግን የሚያስፈራው ቅን መሆናቸው ነው። ኩል ልትኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች እንደሚባለው፣ ክፋት ሳይኖር ጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያሉና። ጉዞው በቀናት የተቆጠረ ስለሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራቸውም። የልጁን አክስት ለመፈለግ፣ ቀበሌውን ለማነጋገር፣ እናቲቱን “ምን ቢደረግልሽ ልጅሽን ታሳድጊያለሽ?” ለማለት ሳምንት አይበቃም።

ከዚያ ወዲህ የደረሱት ነገሮች ከዚህ የከፉ ናቸው። በየካቲት 2020 ኬንስኮፍ አካባቢ በነበረና በፔንሲልቬኒያው “ቸርች ኦፍ ባይብል አንደርስታንዲንግ” በሚተዳደር ማሳደጊያ እሳት ተነሥቶ 15 ልጆች ሞቱ። ቤቱ ፈቃድ አልነበረውም። ያን ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት 750 ያህል ማሳደጊያዎች ፈቃድ የነበራቸው 35 ብቻ እንደሆኑ ተገለጸ። በጥቅምት 2021 ደግሞ 16 አሜሪካውያንና አንድ ካናዳዊ፣ ከመካከላቸውም ሕፃናት ያሉበት የሚሲዮን ቡድን፣ ማሳደጊያ ጎብኝቶ ሲመለስ “400 ማዎዞ” በተባለው የወንበዴ ቡድን ታገተ። የመጨረሻዎቹ ነፃ የወጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እነርሱም በበጎ ልብ የመጡ ነበሩ።

ሁሉም አልተሳሳተም

ሚዛኑ እንዳይዛባ ሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። የሄይቲ መንግሥት በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የጉድጓድ ውኃውን ያቆሙት በብዛት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እውነተኛ የሙት ልጆችም አሉ። ከምእመናኑ መካከልም ጥያቄውን ቀድመው ያነሡ፣ ማሳደጊያቸውን ዘግተው ገንዘቡን ልጆቹን ወደ ቤታቸው ለመመለስና ወላጆችን ለመርዳት ያዋሉ አሉ። የአውስትራሊያ ፓርላማ ኮሚቴ በ2017 ልጅን ከቤተ ሰቡ አውጥቶ ለማሳደጊያ ገቢ ማስገኛ ማድረግን ከዘመናዊ ባርነት ጋር አያይዞ መረመረ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2019 ጉዳዩን በውሳኔው አንሥቷል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። በ2010 ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በማደጎ የሄዱት ልጆች 2,500 ያህል ነበሩ። ከእነዚያ ዓመታት ልጆች መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት የነበሩ፣ ሲፈርሙም ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ የመሰላቸው መኖራቸው በኋላ ታውቋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2018 የውጭ አገር ማደጎን አግዷል።

ከዚሁ አገር ግን ሌላ ዐይነት የመንፈሳዊ ጉዞ ታሪክም አለ። በ1973 ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። ጉዟቸው የጥቂት ቀናት ነበር። በረኃብ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልተለየች ሕፃን አዩ። እርሷንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ወይዘሮ አበበችም ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ልጆቹን መረጡ። በ2021 እስካረፉ ድረስ አልተለዩአቸውም። ያቋቋሙት ማኅበርም ልጆችን በማሳደግ ብቻ ሳይወሰን በየሠፈሩ ያሉ ችግረኛ ቤተ ሰቦችን ወደ መደገፍ ሄደ።

ልዩነቱ የአገር ልጅና የባዕድ መሆን ብቻ አይደለም። ያቺ ሕፃን በእውነት የሙት ልጅ ነበረች፤ ይዘዋት የሄዱትም ሴት እናት ሆነዋት ቀሩ። ሁለቱም ነገሮች በተጓደሉበት ቦታ፣ ማለትም ወላጅ ባልሞተበትና እንግዳው በማይቆይበት ቤት፣ ምጽዋቱ የሚያቆየው ልጁን ሳይሆን ማሳደጊያውን ነው። አሜሪካውያን በ1909 ስለ ራሳቸው ልጆች የወሰኑት ለካሌባም ልጆች ይሠራል። በቁሟ ያለችን እናት መርዳት ለፎቶግራፍ አይመችም፤ የሚቀባ ግድግዳም የለውም። ልጇ ግን ማታ ቤቱ ያድራል።